በአንድ ልጅ ላይ የማይታይ ጉዳት

(ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ወላጆችና ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ቡናው ሳይቀዘቅዝ ለመጨረስ እሞክራለሁ፤ ቃል ግን አልገባም።

ሰርግ ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ኬሚካል የልጆችን አንጎል ዕድገት እንዴት እንደሚጎዳ አጠናለሁ» እላለሁ። ከዚያ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ሰውየው «እግዜር ይርዳህ» ብሎ ወደ ሳህኑ ይመለሳል። ወይ አንዲት እናት ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ትወስደኛለች። «ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሊሞላው ነው፤ አፉን አልፈታም። እርጉዝ ሆኜ ቤታችን ቀለም ተቀብቶ ነበር። እሱ ይሆን?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለዚያች እናት መልስ የለኝም። መጽሐፍ ስላላገላበጥኩ አይደለም። ሙያው እንዲህ ስለሆነ ነው። ስለ አንድ ሺህ ልጆች አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። ስለ እሷ ልጅ ግን «ያኔ የተቀባው ቀለም ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ የሚቆርጥ ምርመራ የለም። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ክፍተት ነው። ኬሚካል ሻጮች ለብዙ አሥርት ዓመታት ተደላድለው የተቀመጡት እዚያ ክፍተት ውስጥ ነውና።

ለእናቲቱ የምላት ነገር ግን አለ። ጥፋተኛ መፈለጉን ለጊዜው ትተሽው ልጁን አስመርምሪ እላታለሁ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ንግግሩ ወይም እንቅስቃሴው ከዘገየ እዚህ አገር በሕግ ነጻ ምርመራ ያገኛል። ካውንቲው ጋ መደወል ነው፤ የሐኪም ደብዳቤ እስኪመጣ መጠበቅ የለም። «ክትባቱ ይሆን?» የሚለውም ሁሌ ይከተላል። ዴንማርክ ውስጥ ከ650,000 በላይ ልጆችን ተከታትለው በ2019 ውጤቱን አውጥተዋል። የኩፍኝ ክትባት የወሰዱትና ያልወሰዱት ልጆች በኦቲዝም አልተለያዩም። እዚህ ላይ ከዚህ በላይ አልቆይም።

ወደ ነገሬ ልግባ። አንድ ምሳሌ ይበቃኛል፦ እርሳስ። ማዕድኑን ማለቴ ነው፤ ተማሪ በሚጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው፣ አትደንግጡ።

እርሳስ በሰውነታችን ውስጥ አንዳች ጥቅም የለውም። ችግሩ ሰውነት ከካልሲየም አይለየውም። በሰው መታወቂያ ፍተሻ እንደሚያልፍ መንገደኛ በካልሲየም በር ሰተት ብሎ ይገባል። ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አጥንት፣ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንስ፣ ከዚያም ወደ አንጎል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሕፃን ልጅ ከሚውጠው እርሳስ ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ የሚሆነውን ወደ ሰውነቱ ያስገባል። ብረት ያነሰው ልጅ ደግሞ ይብስበታል። ደም ውስጥ ግማሹ በወር ገደማ ይጠፋል። አጥንት ውስጥ ግን አሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ሴት ስታረግዝ ለጽንሱ ካልሲየም ከአጥንቷ ይወጣል፤ በልጅነቷ ያጠራቀመችው እርሳስም አብሮ ይወጣል።

አንጎል ውስጥ ምን ይሠራል? የሕፃን አንጎል ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ የነርቭ መገናኛ ይሠራል። ከዚያ የሚሠራበትን ያጸናል፣ የማይሠራበትን ያከስማል። ልጅ «እማ» ሲል፣ ሲወድቅ ሲነሳ፣ ፊት ሲለይ የሚሆነው ይኸው ነው። የትኛው ይጽና በሚለው ውሳኔ ውስጥ ኤንኤምዲኤ የሚባል መቀበያ ትልቅ ድርሻ አለው፤ የሚሠራውም ካልሲየም በማስገባት ነው። እርሳስ ይህንን መቀበያ ይደፍነዋል። ሴሉን አይገድለውም። በምስል ብታዩት አንጎሉ ደህና ነው። የጠፋው በትክክለኛው ሰዓት መጽናት የነበረበት መገናኛ ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

አይመጣም የምለው በግምት አይደለም። በ2001 የታተመ ጥናት አለ። ደማቸው ውስጥ ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው 780 ልጆች ተመርጠው ለግማሾቹ እርሳስን ከደም የሚያወጣ መድኃኒት፣ ለግማሾቹ የማስመሰያ ክኒን ተሰጠ። መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ደማቸው ውስጥ ያለው እርሳስ ቀንሷል። የአእምሮ ፈተናው ውጤት ግን በሁለቱ ቡድን አንድ ዓይነት ሆነ። ይህን ጽሑፍ ለተማሪዎች ሳስነብብ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

አሁን ወደዚያ ክፍተት ልመለስ። በ1970ዎቹ ኸርበርት ኒድልማን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። በዚያ ዘመን የእርሳስ መመረዝ ማለት ልጁ ሲያስመልሰው፣ ሲያንቀጠቅጠው፣ ራሱን ሲስት ነው። ይህ ካልታየበት ጤነኛ ነው ይባላል። ኒድልማን «ጤነኛ» የተባሉትን ልጆች መመርመር ፈለገ። ግን በምን? ደም የሚነግርህ ያለፉትን ጥቂት ሳምንታት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሁለት ዓመቱ ላይ ምን እንደዋጠ ደሙ አያወራም።

ጥርስ ያወራል። እኛ ጣሪያ ላይ የምንወረውረው የወተት ጥርስ የልጁን የመጀመሪያ ዓመታት እርሳስ ይዞ ይቆያል። ኒድልማን ቦስተን አጠገብ ባሉት ቼልሲና ሶመርቪል ከተሞች የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን የወለቀ ጥርስ ሰበሰበ። ከዚያ ብዙ እርሳስ ያለባቸውን 58 ልጆችና ጥቂት ያለባቸውን 100 ልጆች አወዳደረ። በ1979 ውጤቱን አወጣ። የማሰብ ችሎታን በሚለካው የአይኪው ፈተና የሁለቱ ቡድን አማካይ ልዩነት 4 ነጥብ ተኩል ገደማ ነበር። ፈታኞቹ የማን ጥርስ ምን እንደያዘ አያውቁም። አስተማሪዎቹም አያውቁም፤ ግን «ሐሳቡ ይበተናል፣ የተነገረውን አይከተልም» ብለው ያመለከቷቸው ልጆች እርሳሱ በጨመረ ቁጥር በዝተው ተገኙ።

«አራት ነጥብ ምን አላት?» ትሉኛላችሁ። እናት አታየውም። አስተማሪ አያየውም። ሐኪም ካርድ ላይ የሚጽፈው ነገር የለውም። ልጁ ራሱም ሊሆን ይችል የነበረውን አያውቅም። በአንድ ልጅ ላይ ምንም ነው።

አሁን አንድ ሙሉ አገር አስቡ። አይኪው አማካዩ 100 ሆኖ የተሠራ መለኪያ ነው። ከ70 በታች የሚሆኑት ከመቶ 2 ገደማ ናቸው፤ ከ130 በላይ የሚሆኑትም እንደዚያው። የሁሉም ልጅ ውጤት 5 ነጥብ ብቻ ዝቅ ቢልስ? ሒሳቡን ቤታችሁ ሥሩት። ከ70 በታች ያሉት ከመቶ ወደ 5 ይጠጋሉ፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ከ130 በላይ ያሉት ደግሞ ከግማሽ በታች ይወርዳሉ። ልዩ ድጋፍ የሚፈልገው ተማሪ ቁጥር በእጥፍ ያደገበትን ትምህርት ቤት አስቡት። ማንም ወላጅ ግን እጁን አውጥቶ «የኔ ልጅ ነው የተጎዳው» ሊል አይችልም። እንዲህ ያለ ጉዳት ፍርድ ቤት ከሳሽ የለውም። ሰልፍ የሚወጣለትም የለም።

ቤንዚን ውስጥ እርሳስ የገባበትን ታሪክ የምታውቁ ትኖራላችሁ። በ1921 ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ ሞተር እንዳያንኳኳ የሚያደርግ የእርሳስ ውህድ አገኘ። በ1923 ገበያ ላይ ዋለ። በ1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ ያመርቱት ከነበሩ ሠራተኞች 5 ሰዎች አእምሯቸው ተናውጦ ሞቱ። ሚጅሊ ጋዜጠኞች ጠርቶ በዚያው ፈሳሽ እጁን ታጠበ። ያም ሆኖ ንግዱ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት ገደማ የኢንዱስትሪው ዋና ተከራካሪ የነበረው ሮበርት ኪሆ የሚባል ሐኪም ነው። ክርክሩ በአጭሩ «ጉዳት አለ የምትሉ ማስረጃ አምጡ፤ እስከዚያ ይሸጣል» ነበር። ብልህ ክርክር ነው። ማስረጃው በአንድ ልጅ ላይ እንደማይገኝ ካወቃችሁ ደግሞ ይበልጥ ብልህ ነው።

ኒድልማንንም አልማሩትም። በ1991 ለእርሳስ ኩባንያዎች ምስክር ሆነው በነበሩ ሁለት ባለሙያዎች በሳይንስ ማጭበርበር ተከሰሰ። ችሎቱ በአደባባይ ይሁን ብሎ ተሟገተ፤ ከማጭበርበር ክሱም ነጻ ወጣ። እኔን የገረመኝ ክሱ አይደለም። ከዚያ በፊትም በኋላም ሌሎች አገሮች ሌሎች ልጆችን እየለኩ ያንኑ ነገር ማግኘታቸው ነው። በ2005 ከሰባት ጥናቶች የተሰበሰበ የ1,333 ልጆች ውጤት አንድ ላይ ተሰልቶ ወጣ። ከባዱን ጉዳት የሚያደርሰው የመጀመሪያው ጥቂት መጠን ነው። ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ2.4 ወደ 10 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ሲወጣ ከአይኪው 4 ነጥብ ገደማ ይጠፋል። ከ10 ወደ 20 ሲወጣ የሚጠፋው 2 ገደማ ነው። ለዚህ ነው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በልጅ ደም ውስጥ ያለ እርሳስ «ከፍ ብሏል» የሚባልበትን ቁጥር ሲያወርድ የኖረው። በ1960ዎቹ 60 ነበር። በ1991 10፣ በ2012 5፣ በ2021 ደግሞ 3.5 ሆነ። አባቶቻችን ሐኪም ዘንድ «ምንም የለበትም» የተባሉበት ቁጥር ዛሬ ልጅን አልጋ ያስይዛል።

እኛም ከዚህ ውጭ አይደለንም። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በእርሳስ የተቀላቀለውን ቤንዚን የተውት በ2006 መግቢያ ነው። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 ተወችው። ከዚያ በፊት ፒያሳና መርካቶ ላዳ ታክሲ እየጠበቅን ያደግን ሁሉ ድርሻችንን ምገናል።

አሁን ወደ ቤተ ሙከራዬ ልውሰዳችሁ፤ ተማሪዎቹ የመጣችሁት ለዚህ ይመስለኛል።

የምንሠራው ዜብራፊሽ በሚባሉ ትናንሽ ዓሦች ላይ ነው። ጠዋት መብራቱ ሲበራ እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። በማይክሮስኮፕ ብታዩት በአንድ ቀን ውስጥ የአንጎሉ ክፍሎች ተለይተው ይወጣሉ፤ ልብም መምታት ይጀምራል። ሰው ላይ ሳምንታት የሚፈጀውን በማግስቱ ምሳ ሳትበላ ታያለህ። 96 ጉድጓድ ያለው የፕላስቲክ ሳህን አለን። በየጉድጓዱ አንድ አንድ ሽል በፒፔት፣ ማለትም በቀጭን መምጠጫ፣ እናስገባለን። ፒፔቱን ጠበቅ ካደረግከው ሽሉ ይፈነዳል፤ አዲስ ተማሪ የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያሳልፈው በዚህ ነው። አንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ የምንመረምረው ኬሚካል በተለያየ መጠን ይገባል። አንዳንዱ ውስጥ ኬሚካሉ የሚበጠበጥበት ፈሳሽ ብቻውን፣ ያለ ኬሚካሉ፣ ይገባል። የትኛው የቱ እንደሆነ ባልደረባዬ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም። እንዳላውቅ ነው የሚፈለገው።

በአምስተኛው ቀን ሳህኑ ካሜራ ያለው ጨለማ ሳጥን ውስጥ ይገባል። አሥር ደቂቃ መብራት ይበራል፣ አሥር ደቂቃ ይጠፋል። መብራቱ ድንገት ሲጠፋ ጤነኛ ጫጩት ዓሣ ይርበተበታል፤ ከዳር ዳር ይሯሯጣል። ኬሚካል የነካው አንዳንዱ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ከልክ በላይ ይሮጣል። በማይክሮስኮፕ ግን ሁሉም ያው ናቸው፤ ጀርባቸው ቀጥ ያለ፣ ዓይናቸው ደህና። አንዷን ዓሣ ብቻ ካያችሁ አንዳች አትማሩም። ኬሚካል ያልነካት ዓሣም አንዳንድ ቀን ዝም ብላ ትቀመጣለች። ሳህን በሳህን ላይ ሲደመር ነው ነገሩ የሚገለጠው። ስለ ልጆች የነገርኳችሁ ነገር እዚህ ጉድጓድ ውስጥም አለ።

ዓሣ ሰው አይደለም፤ ይህን የሚረሳ ተመራማሪ ጋዜጣ ላይ ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎም ይረሳል። የዓሣው ውጤት አይጥ ላይ ይሞከራል። ከዚያ እናቶችን ከእርግዝና ጀምሮ ከሚከተሉ ጥናቶች ጋር ይነጻጸራል። እነዚህ ጥናቶች ልጁ እስኪያድግ ይጠብቃሉ። ክሎርፒሪፎስ የሚባለውን ፀረ-ተባይ ውሰዱ። በረሮ ለመግደል አፓርታማ ውስጥ ይረጭ ነበር። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኒው ዮርክ ውስጥ ከእትብት ደም ለኩት። ልጆቹ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ፈተኗቸው። በእትብታቸው ደም ብዙ የተገኘባቸው ልጆች ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ፤ ይህም በ2011 ታተመ። በቤት ውስጥ መረጨቱ የቆመው በ2001 ነው። እርሻ ላይ ያለው ክርክር ግን ስንት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሷል።

እዚሁ ከተማ የሆነውን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ኖራችሁበታል። በኅዳር 2000 የዋሽንግተን ውሃ ጀርም መግደያ ኬሚካል ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ተቀየረ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ክሎሪን የሚፈጥራቸውን ሌሎች ጎጂ ነገሮች ለመቀነስ ነው። ግን ክሎሪኑ አሮጌዎቹን የእርሳስ ቧንቧዎች ከውስጥ የሸፈነ ቅርፊት ፈጥሮ ነበር። ክሎራሚን ሲመጣ ቅርፊቱ ሟሟ። እርሳሱ ወደ ውሃው ወረደ። ሕዝቡ በደንብ የሰማው በጥር 2004 በጋዜጣ ነው። በእነዚያ ዓመታት የሕፃን ወተት በዚያ ውሃ የበጠበጠ ቤት አለ። በኋላ የተሠራ ጥናት እርሳሱ በበዛባቸው ሰፈሮች በሕፃናት ደም ውስጥም መጨመሩን አሳየ። የትኛው ልጅ ምን ያህል እንደጎደለበት ግን ማንም አይነግራችሁም።

ጥያቄዎቻችሁ ከወዲሁ በወረቀት ደርሰውኛል፤ የቻልኩትን ልመልስ።

«ውሃውን ብናፈላውስ?» ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ እርሳስ ግን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን እርሳሱ ይበዛል። ቶሎ እንዲፈላ ብላችሁ ከቧንቧው ሙቅ ውሃ አትቅዱ፤ ለጀበናም ለጡጦም ቀዝቃዛውን ቅዱ፣ ሙቅ ውሃ እርሳስ ይበልጥ ያሟሟል። ማጣሪያ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ኤንኤስኤፍ (NSF) 53 የሚል የማጣሪያ ደረጃ መኖሩንና እርሳስ በስሙ መጠቀሱን እዩ።

«ከአገር ቤት የመጣ ኩል?» ከብዙ አገሮች የተሰበሰበ ኩል ሲመረመር እርሳስ ተገኝቶበታል፤ አንዳንዱ ግማሹ እርሳስ ነው። ሕፃን ዓይኑን ያሻል፣ እጁን ይልሳል። ሕፃን ላይ አትኳሉ። አያቱን መከራከር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ በእኔ አሳብቡ።

«እርድስ?» ባንግላዴሽ ውስጥ ቢጫው እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ማቅለሚያ ይጨመርበት እንደነበር በ2019 ተጋልጧል። መንግሥት ገበያውን ከፈተሸ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ጠፍቷል። ከልክ በላይ የሚያበራ እርድ አልገዛም።

«እርጉዝ ሴት ትንሽ ጠላ ብትቀምስ?» አልኮል በእንግዴ ልጅ ያልፋል፤ ችግር የለውም የተባለ መጠን የለም። የጠላ ጥንካሬ ደግሞ እንደ ጠማቂዋ ነው።

አንድ ወንድሜ ከወንጂ ነኝ ብሎ ስለ ፍሎራይድ ጠይቋል። ጥርሱን ሳያሳየኝ ገብቶኛል። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ ጥርስ ያበልዛል፣ አጥንትም ያጎብጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም በ2024 ከዚህ ወሰን በላይ የሆነ ፍሎራይድ ከልጆች አይኪው መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ ደምድሟል፤ ለድምዳሜው የሰጠው የመተማመን ደረጃ መካከለኛ ነው። እዚህ ከተማ ቧንቧ ውስጥ የሚጨመረው 0.7 ገደማ ነው፤ ሁለቱን አታምታቱ። እኔ ብጠየቅ ቀጣዩ ትልቅ ጥናት መሠራት ያለበት እዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከዚህ አዳራሽ አንድ ተማሪ ቢሄድልኝ ደስ ይለኛል።

የመጨረሻው ወረቀት «የልጄን ደም ለእርሳስ የት ላስለካ?» ይላል። የሕፃናት ሐኪሙ ጋ፣ አንድ ዓመት ሲሞላውና ሁለት ዓመት ሲሞላው። ሜሪላንድም ዋሽንግተን ዲሲም ይህን ያዛሉ። መጀመሪያ ጣቱን ወግተው ይወስዳሉ። ቆዳው ላይ ያለ አቧራ ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል እጁ በሳሙና ይታጠብ። ከፍ ካለ ከክንዱ ደም ተወስዶ ይደገማል። ነርሷ ደውላ «ኖርማል ነው» ብትላችሁ ስልኩን አትዝጉ። ቁጥሩን ጠይቁ፣ ጻፉት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ያዙት።